ወተቱ ሳይቆም ክላውዱን መቆለፍ፦ ከሱሉልታ የተገኘ የጉዳይ ጥናት

ከአዲስ አበባ በጎጃም መንገድ ወጥቶ እንጦጦን የተሻገረ ሰው መጀመሪያ የሚያገኛት ከተማ ሱሉልታ ናት። ዛሬ በሸገር ከተማ ሥር ነች። ከዚያ እስከ ጫንጮ ያለው ሜዳ የላም አገር ነው። አዲስ አበባ የምትጠጣው ወተት በብዛት የሚመጣው ዙሪያዋን ካሉ እንዲህ ካሉ ቦታዎች ነው፤ ከሱሉልታ፣ ከሰንዳፋ፣ ከሆለታ፣ ከቢሾፍቱ።

በዚህ መስመር ከአርሶ አደሮች ወተት ተረክቦ ለማቀነባበሪያዎች የሚያስረክብ አንድ ድርጅት አለ። ስሙ እንዳይጠቀስ ተስማምተን ነው ታሪኩን የምጽፈው። ሥራው የሚጀምረው ጎህ ሲቀድ ነው። አርሶ አደሩ ወተቱን ይዞ ወደ መሰብሰቢያ ጣቢያው ይመጣል። ሰብሳቢዋ ውሃ እንዳልገባበት በላክቶሜትር ታያለች። የአልኮል ምርመራ ታደርጋለች። ከዚያ ሊትሩን ለክታ ስልኳ ላይ ባለው መተግበሪያ ትመዘግባለች። ለአርሶ አደሩ መልእክት ይደርሰዋል። በየአስራ አምስት ቀኑ ሒሳቡ ተደምሮ በባንክ ወይም በቴሌብር ይገባለታል።

በፊት ይህ ሁሉ በደብተር ነበር። ደብተር ይረጥባል፣ ይጠፋል፣ ይሰረዛል። በየወሩ ክርክር ነበር። መተግበሪያው ክርክሩን ቀንሶታል። ስለዚህ የምናወራው ለጌጥ ስለተሠራ አፕ አይደለም። አንድ ቀን ጠዋት ቢቆም ወተቱ ጣቢያው በር ላይ ይቀራል፤ የቤተሰብ ገቢም አብሮ ይቆማል።

መተግበሪያውን የሠሩት እዚያው ሱሉልታ በተከራዩት ቤት የሚሠሩ ጥቂት ወጣቶች ናቸው። ከጀርባ ያለው ሁሉ የሚሠራው በማይክሮሶፍት አዙር ክላውድ ላይ፣ ማለትም በኢንተርኔት በኩል በሚከራዩ የማይክሮሶፍት ኮምፒውተሮች ላይ ነው። የመተግበሪያው ሰርቨር፣ ዳታቤዙ፣ ፎቶዎቹ የሚቀመጡበት ስቶሬጅ፣ ወደ ስልክ ማሳወቂያ የሚልከው ኖቲፊኬሽን ሃብ፣ ሁሉም እዚያ ናቸው። እኔ የገባሁት ከውጭ የተጠራሁ አማካሪ ሆኜ ነው።

ነገሩን የቀሰቀሰው አንድ መጠይቅ ነው። ድርጅቱን በገንዘብ ለመደገፍ የተዘጋጀ አካል ከመፈረሙ በፊት ጥያቄዎች ላከ። የአርሶ አደሮቹ ስምና ስልክ ቁጥር የሚቀመጠው የትኛው አገር ነው? የመታወቂያ ፎቶዎቻቸውን ማን ማየት ይችላል? አዲስ ዳታቤዝ ሲከፈት የደኅንነት ቅንብሩን የሚያረጋግጠው ማን ነው? ሠራተኛ ሲለቅ መግቢያው መቼ ይዘጋል? ጥያቄዎቹ ከባድ አልነበሩም። ግን የቡድኑ መሪ ወረቀቱን ይዛ ስትቀመጥ እርግጠኛ ሆና የምትሞላው መስመር አጣች።

መጠይቁ ባይመጣ እንኳ ጥያቄው መምጣቱ አይቀርም ነበር። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። አዋጁ የሰው ዳታ ለታወቀ ዓላማና በሚያስፈልገው ልክ ብቻ እንዲሰበሰብ ይጠይቃል። ዳታው ከአገር ውጭ ሲሻገርም መሟላት ያለባቸው ሁኔታዎች አሉት። ወተት የሚሰበስብ ድርጅት ደግሞ የብዙ ሺህ ሰው ባይሆን እንኳ የስንት ቤተሰብ ስም፣ ስልክና የባንክ ቁጥር ይዟል።

ቆጠራው ያወጣው

የመጀመሪያው ሥራ ያለውን መቁጠር ነበር። ክላውድ ላይ መቁጠር ቀላል ይመስላል፤ ሁሉም በአንድ ገጽ ተዘርዝሮ ይታያል። ችግሩ ዝርዝሩን ማየት ሳይሆን «ይሄ የማን ነው?» ለሚለው መልስ ማግኘት ነው። ባለቤቱ የማይታወቀው ሪሶርስ (ክላውዱ ላይ የተከፈተ ሰርቨር፣ ዳታቤዝ ወይም ስቶሬጅ) ከሚታወቀው ይበልጥ ነበር።

ዳታው በሦስት አህጉር ተበትኗል። አንዱ ኔዘርላንድስ፣ አንዱ አሜሪካ ቨርጂኒያ፣ አንዱ ደቡብ አፍሪካ ጆሃንስበርግ። ማንም እንዲህ ይሁን ብሎ አልወሰነም። አንድ ሰው አዲስ ነገር ሲከፍት ገጹ ያቀረበለትን ቦታ ተቀብሎ አልፏል፤ በቃ። ከእነዚህ ውስጥ አንዱ የሙከራ ዳታቤዝ ነው ተብሎ የተተወ ነበር። ስንከፍተው የእውነተኛ አርሶ አደሮች ሙሉ ዝርዝር ተገኘበት። አንድ ጊዜ ስህተት ለመፈለግ ተገልብጦ ነው። ስህተቱ ተገኝቶ ተስተካከለ። ቅጂው ግን የሚያጠፋው ሰው አጥቶ እዚያው ቀረ።

ከሁሉም የከበደው ፎቶዎቹ ነበሩ። አርሶ አደሩ ሲመዘገብ የፋይዳ ወይም የቀበሌ መታወቂያው ፎቶ ይነሳል። ፎቶዎቹ የተቀመጡበት ማኅደር ያለ ይለፍ ቃል የሚነበብ ተደርጎ ተከፍቷል። አድራሻውን የያዘ ሁሉ ያየዋል። መጀመሪያ ላይ ፎቶው በመተግበሪያው አልታይ ብሎ ሲያስቸግር የተወሰደ አቋራጭ ነው። አሁን አዲስ የሚከፈቱ የአዙር ስቶሬጅ አካውንቶች ከመጀመሪያው ለሁሉም ክፍት እንዳይሆኑ ተደርገው ነው የሚመጡት። የቆዩት ግን እንደነበሩ ናቸው፤ ይሄኛውም የቆየ ነው።

ይህን በር ያንኑ ዕለት ዘጋነው። አካውንቱ ላይ ያለውን አንድ ቅንብር ስታጠፋ ከሥሩ ያለው ማኅደር ሁሉ፣ የራሱ ቅንብር ምንም ይበል ምን፣ ይዘጋል። መተግበሪያው ፎቶ ለማንበብ የራሱ ቁልፍ ስለነበረው አልተቋረጠም። ስለዚህ ቁልፍ ግን በኋላ ብዙ የምለው አለኝ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወጣቶቹ ግድየለሾች አልነበሩም። ግድግዳቸው ላይ የተለጠፈ የማረጋገጫ ዝርዝር ነበር። አዲስ ሪሶርስ ሲከፈት ምን ምን እንደሚታይ በደንብ ተጽፏል። የሙከራ ዳታ ላይ የሰው ስም አይኑር ይላል። እኔ ብጽፈው ከዚያ የተሻለ አልጽፍም። ዝርዝሩ ያልሠራው መጥፎ ስለሆነ አይደለም። ከምሽቱ 5 ሰዓት መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሰብሳቢዎች ሥራ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ነገር ለማስተካከል የሚሮጥ ልጅ ግድግዳ አያነብም። ማንም አያነብም። ለዚህ ነው ቁጥጥሩ ከግድግዳው ወርዶ ሥራው የሚሠራበት ቦታ ውስጥ መግባት የነበረበት።

ደንቡ እንዴት ይሠራል?

አዙር ውስጥ ለዚህ የተሠራው መሣሪያ አዙር ፖሊሲ ይባላል። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደንብ ትጽፋለህ ወይም ከተዘጋጁት ትመርጣለህ። «ማንኛውም ሪሶርስ ከተፈቀደው አገር ውጭ አይከፈት»፣ «ሰርቨሩ ከኤችቲቲፒኤስ (ከተመሰጠረ ግንኙነት) ውጭ ጥያቄ አይቀበል»፣ «ስቶሬጅ ለሁሉም ክፍት አይሁን»፣ «ባለቤቱ ያልተጻፈበት ነገር አይኑር»። ከዚያ ደንቡን የት እንደሚሠራ ትነግረዋለህ። በአንድ የሪሶርስ ስብስብ (ሪሶርስ ግሩፕ) ላይ፣ ስብስቦቹና ሒሳባቸው በአንድ በሚያዙበት ሰብስክሪፕሽን ላይ፣ ወይም ሰብስክሪፕሽኖቹን ሁሉ ከሚያቅፈው የማኔጅመንት ግሩፕ ላይ ይጫናል። ከላይ የተጫነ ወደ ታች ይወርዳል።

ዋናው ነገር ግን ደንቡ ሲጣስ ምን ይሁን የሚለው ነው። ኦዲት ካልከው ዝም ብሎ ይመዘግባል፤ ማንንም አያስቆምም። ዲናይ ካልከው ደንቡን የሚጥስ ነገር ሲከፈት ወይም ሲቀየር ገና በሩ ላይ ይመልሰዋል። ሞዲፋይ ካልከው ራሱ ያስተካክላል፤ ለምሳሌ የጎደለውን ታግ፣ ሪሶርሱ ላይ የሚለጠፈውን መለያ፣ ይጨምራል። ዲፕሎይ ኢፍ ኖት ኤግዚስትስ የሚባለው ደግሞ የጎደለ ነገር ካለ ራሱ ይከፍታል፤ ለምሳሌ የክትትል መዝገብ ያልተበራለት ዳታቤዝ ካገኘ ያበራለታል።

ብዙ ሰው ዲናይን ሲሰማ ያለፈውንም የሚያጸዳ ይመስለዋል። አያጸዳም። ቀድሞ የተከፈተ ነገር ደንቡን ቢጥስ እንኳ ሥራውን ይቀጥላል፤ ሪፖርቱ ላይ ብቻ ደንቡን እንዳላሟላ ይጻፍበታል። ሪፖርቱም ወዲያው አይታደስም፤ የተለመደው ሙሉ ፍተሻ በየ24 ሰዓቱ ነው፤ የቸኮለ በትእዛዝ ሊያስነሳው ይችላል። ይህን ሳይገነዘቡ የሚጀምሩ ሰዎች «ደንቡን ጫንኩት፣ ምንም አልተለወጠም» ብለው ይተዉታል።

ቡድኑ መጀመሪያ ሙከራውንና እውነተኛውን ሥራ በሁለት ሰብስክሪፕሽን ለየ። ሁለቱን በአንድ ማኔጅመንት ግሩፕ ሥር አደረገ። ከዚያ ደንቦቹን ሁሉ በኦዲት ጫኑ። ለተወሰነ ጊዜ ማየት ብቻ። እኔ በዚህ ነጥብ ላይ አልደራደርም። መጀመሪያ ቀን ዲናይ የሚጭን ሰው ምን እንደሚሰብር ሳያውቅ ነው የሚጭነው።

አገሩን በተመለከተ ጆሃንስበርግን መረጡ። ማይክሮሶፍት ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የዳታ ማዕከሎቹን የከፈተው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ የአዙር ማዕከል ስለሌለ ዳታው እንደሆነ ድንበር ተሻግሯል፤ ይህንን ከሕግ ባለሙያ ጋር ተቀምጠው የአርሶ አደሮቹን የስምምነት ቅጽ አስተካከሉ። የአገር ገደቡ ጥቅም «የት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አንድ ቃል መልስ እንዲኖር ነው። ይህን ደንብ የሚጭን ሰው አንድ ነገር ይወቅ። የተፈቀዱ ቦታዎች የሚለው የተዘጋጀ ደንብ የሪሶርስ ግሩፕን ራሱን አይመለከትም። ለእሱ ሌላ ደንብ አለ፤ አብሮ መጫን ያስፈልጋል።

ታጉ ያስቆመው ማለዳ

ከኦዲት ወደ ዲናይ ሲሸጋገሩ መጀመሪያ የመረጡት ቀላል የመሰለውን ነበር፦ ባለቤት የሚለው ታግ የሌለበት ነገር አይከፈት። ማን ይቃወመዋል? ሁሉም ተስማማ። ለሁለቱም ሰብስክሪፕሽን ተጫነ።

ብዙም ሳይቆይ አንድ ማለዳ ሰርቨሩ ዘገየ። ሰብሳቢዎቹ ሲመዘግቡ መተግበሪያው ይሽከረከራል። ተረኛው ልጅ የሰርቨሩን አንድ ቅንብር ለመቀየር ሞከረ። አዙር እምቢ አለው። ደጋግሞ ሞከረ፤ እምቢ። ሰርቨሩ የቆየ ስለሆነ የባለቤት ታግ አልነበረውም። ዲናይ ደግሞ አዲስ ሲከፈት ብቻ ሳይሆን ነባሩ ሲቀየርም ይመለከታል። ልጁ ሊያስተካክል የፈለገው ከታግ ጋር ምንም ግንኙነት የለውም፤ ደንቡ ግን ሪሶርሱን እንዳለ ነው የሚያየው። ጫንጮ መስመር ላይ ያለች ሰብሳቢ ስልክ ደውላ «ወንድሜ፣ ሰው በር ላይ ተሰልፎብኛል፤ አይሱዙው ደግሞ አይጠብቀኝም» አለችው። በመጨረሻ የመልስ ጽሑፉን ረጋ ብሎ ሲያነበው የደንቡ ስም ተጽፎ አገኘው። ታጉን ጨመረ፤ ሥራው አለፈ።

ከዚህ በኋላ ቡድኑ ውስጥ ክርክር ተነሳ። አንዱ «እንዲህ ከሆነ ይነሳ» አለ። የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ፣ ሁሉም ጋሼ የሚሉት ሰው፣ መሃል ገብቶ «ደንቡ መጥፎ ነው ወይስ አመጣጡ?» ብሎ ጠየቀ። ትክክለኛው ጥያቄ ይሄ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተሉን መገልበጥ ነበር። ዲናዩ ለጊዜው ወደ ኦዲት ተመለሰ። በምትኩ ታግ የጎደለው ሪሶርስ ካለበት ስብስብ ታጉን እንዲወርስ የሚያደርገው የሞዲፋይ ደንብ ተጫነ። ይህ ደንብ ሌሎች ሪሶርሶችን ስለሚነካ የራሱ መታወቂያና ፈቃድ ይፈልጋል፤ አዙር ላይ ማኔጅድ አይደንቲቲ ይሉታል። ለአዲሶቹ ወዲያው ይሠራል። ለነባሮቹ ግን ሪሚዲየሽን ታስክ የሚባል የማስተካከያ ሥራ በእጅ ማስነሳት ያስፈልጋል። ነባሮቹ ሁሉ ባለቤት ካገኙ በኋላ ዲናዩ ተመለሰ። ያኔ የሚነካው ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ለማንኛውም ደንብ የሚከተሉት ይህን ሆነ፤ ማየት፣ ነባሩን ማስተካከል፣ ከዚያ በሩን መዝጋት።

እግረ መንገዴን ስለ ገንዘቡ ልናገር። ብሩ ሐምሌ 22 ቀን 2016 በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። የክላውድ ሒሳብ የሚከፈለው በዶላር ነው። ባለቤት የሌለው ሪሶርስ ሁሉ በየወሩ ዶላር ይበላል። ታጉ ሲገባ ሒሳብ ያዟ ለመጀመሪያ ጊዜ ወጪውን በሰው ስም ከፋፍላ አየችው። የማን እንደሆነ ያልታወቁት የሙከራ ማሽኖች ያን ሳምንት ጠፉ። በሙከራው ሰብስክሪፕሽን ላይም ትልልቅ ማሽን እንዳይከፈት የሚፈቀዱትን መጠኖች ብቻ የሚዘረዝር ደንብ ጨመሩ። የበጀት ማስጠንቀቂያ ቀድሞም ነበራቸው። ማስጠንቀቂያው ግን ኢሜይል ይልካል እንጂ ምንም አያጠፋም።

ስልኩ ውስጥ ያለው ቁልፍ

አሁን ወደ ቁልፉ ልመለስ። የጉዳዩ ልብ እዚህ ነው።

መተግበሪያው ፎቶና የዕለት ደረሰኝ ወደ ስቶሬጅ የሚልከው በስቶሬጁ ዋና ቁልፍ፣ እንደ ይለፍ ቃል በሚያገለግል ረጅም ጽሑፍ፣ ነበር። ቁልፉ አፑ ውስጥ ተጽፎ አብሮ ይጓዛል። የአንድሮይድ መተግበሪያ ፋይል ደግሞ ተፈትቶ ውስጡ ሊነበብ የሚችል ነገር ነው። ለዚህ የረቀቀ ጠላፊ መሆን አያስፈልግም። ቁልፉን ያገኘ ሰው አካውንቱ ውስጥ ያለውን ሁሉ ማንበብ፣ መለወጥና ማጥፋት ይችላል። ለሕዝብ ክፍት የነበረውን በር ብንዘጋም ቁልፉ በየሰብሳቢው ኪስ ነበር።

አዙር ፖሊሲ አፑ ውስጥ የተደበቀ ቁልፍ አያይም። የሚያየው የሪሶርሱን ቅንብር ነው። ግን በተዘዋዋሪ የሚያግዝ ደንብ አለው፦ ስቶሬጅ አካውንቶች በዋና ቁልፍ መግባትን ይከልክሉ የሚል። ይህ ሲከለከል ቁልፉ የትም ቢበተን ዋጋ ያጣል። ደንቡን በኦዲት ሲጭኑት ያ ስቶሬጅ ሪፖርቱ ላይ ቀይ ሆኖ ወጣ፤ ደንቡን አያሟላም ማለት ነው።

ታዲያ ለምን ያኔውኑ አይከለከልም? ሰብሳቢዎቹ በአሮጌው አፕ ላይ ስለሆኑ ነው። ክልከላው በተጣለ ደቂቃ የሁሉም ስልክ ደረሰኝ መላክ ያቆማል። አፑ የሚደርሳቸውም በፕሌይ ስቶር አልነበረም። ፋይሉ በቴሌግራም ይላካል፤ ዳታ የሌላት ከጓደኛዋ ስልክ ትወስዳለች። ማን ምን ስሪት ላይ እንዳለ የሚያውቅ ሰው የለም። ቡድኑ ለራሱ ሙከራ አፑን የሚያሰራጭበት የማይክሮሶፍት አፕ ሴንተርም እ.ኤ.አ. ማርች 31 ቀን 2025፣ ማለትም መጋቢት 22 ቀን 2017 እንደሚዘጋ ታውጆ ነበር። በዚያ ላይ መደገፍም አይቻልም።

ቁልፉን መቀየርስ? እያንዳንዱ ስቶሬጅ አካውንት ሁለት ቁልፍ አለው። የሁለትነቱ ጥቅም አንዱን ስትቀይር በሌላው መሥራት እንድትችል ነው። አፑ ውስጥ የነበረው ግን አንዱ ብቻ ነው። እሱን መቀየር ስልኮቹን ማቆም ነው።

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ይሠራል። ሁሉን በአንዴ ማድረግ ካልተቻለ አደጋው የከበደውን መጀመሪያ ማውጣት ይቻላል። የመታወቂያ ፎቶዎቹን ወደ ሌላ አዲስ ስቶሬጅ አዛወሯቸው። አዲሱ በቁልፍ መግባትን ከመጀመሪያው የሚከለክል ነው። ሰርቨሩ ብቻ አዙር ላይ ባለው የራሱ መታወቂያ ይገባበታል። አሮጌው ቁልፍ ከዚያ በኋላ የሚከፍተው የወተት ደረሰኞችን ብቻ ሆነ። ደረሰኝም የሰው ነገር ነው፤ ግን ከመታወቂያ ጋር አይወዳደርም። ሲያዛውሩም አንድ ጥያቄ ተነሳ። ፎቶው ለምን ይቀመጣል? ምዝገባውን ለማጣራት ነው ተባለ። ተጣርቶ ካለቀ በኋላስ? መልስ አልነበረም። ስለዚህ የተጣራው ፎቶ እንዲጠፋ ተወሰነ። እኔ በግሌ ከቁጥጥር ሁሉ የሚበልጥብኝ ይሄ ነው። የሌለህን ነገር ማንም አይሰርቅህም።

ከዚያ አዲስ የአፕ ስሪት ተሠራ። አዲሱ ስሪት ቁልፍ አይይዝም። ሰብሳቢዋ ስትገባ ሰርቨሩ ለአጭር ጊዜ ብቻ የሚያገለግል የመግቢያ ወረቀት ይሰጣታል። የተጠቀሙት ዩዘር ዴሌጌሽን ሳስ የሚባለውን ነው። በዋና ቁልፍ ያልተፈረመ ስለሆነ የቁልፍ መግቢያ ቢዘጋም ይሠራል። ቢበዛ እስከ 7 ቀን እንዲያገለግል ማድረግ ይቻላል፤ እነሱ ግን የአንድ ጠዋት ሥራ የሚበቃውን ያህል ብቻ ሰጡት። በዋና ቁልፍ የሚፈረመው ሌላው ዓይነት ሳስ ግን ከቁልፉ ጋር አብሮ ይሞታል። ይህን ልዩነት ሳያዩ ክልከላውን የሚጥሉ ቡድኖች ስልካቸው ሁሉ ሲቆም ነው የሚነቁት። አዲሱ ስሪት የስሪት ቁጥሩን ለሰርቨሩ ይናገራል፤ ዝም ያለው አሮጌ ነው ማለት ነው። በዚህ መንገድ ማን እንደቀረ ታወቀ።

አዲሱ ስሪት እስኪዳረስ ድረስ ለአሮጌው ስቶሬጅ ከደንቡ ነፃ የሚያደርግ ፈቃድ መስጠት ያስፈልግ ነበር። አዙር ፖሊሲ ላይ ይህ ኤግዘምፕሽን ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው። ሚቲጌትድ ማለት ደንቡ የፈለገው ነገር በሌላ መንገድ ተሟልቷል ማለት ነው። ዌቨር ማለት ደግሞ አልተሟላም፤ ለጊዜው እያወቅን ተቀብለነዋል ማለት ነው። ከቡድኑ አንዱ ሚቲጌትድ ይባል አለ፤ ፎቶዎቹ ስለወጡ። የቡድኑ መሪ አልተቀበለችም። «ደረሰኞቹ አሁንም በዚያ ቁልፍ ይነበባሉ። ያልጨረስነውን ጨርሰናል ብለን አንጽፍም» አለች። ዌቨር ተብሎ ተመዘገበ፤ ምክንያቱም ከእነ ኃላፊው ተጻፈበት። የሚያበቃበት ቀንም ተቆረጠለት። ቀኑ ሲደርስ የነፃነት መዝገቡ አይሰረዝም፤ ተቀባይነቱ ግን ያበቃል፤ ስቶሬጁም ተመልሶ ቀይ ይሆናል። ማስታወስ አያስፈልግም። ፈቃድ ያለ ማብቂያ ቀን ከተሰጠ ደንቡ በቁሙ ተሽሯል ማለት ነው።

ቀኑ መቼ ይሁን? እዚህ ላይ ቡድኑ ሳይሆን ሰብሳቢዎቹ ናቸው የወሰኑት። ስብሰባ ተጠሩ። አንዷ እናት፣ ሁሉም እቴቴ የሚሏት፣ «ልጆቼ፣ በጾሙ አድርጉት» አለች። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ላሚቷ አትጾምም፤ የሚጾመው ገዢው ነው። ማቀነባበሪያዎች የሚረከቡትን ይቀንሳሉ። ብዙው ወተት ለቅቤ እዚያው ቤት ይቀራል። ጣቢያው ላይ ሰልፍ የለም። አንድ ስልክ ቢቆም ጊዜ ወስዶ ማስተካከል ይቻላል። በዚያ ዓመት ጾሙ የገባው የካቲት 17 ቀን 2017 ነበር። ማብቂያው በእኩለ ጾም ሳምንት እንዲሆን ተቆረጠ። የቀረው ግማሽ ጾም ደግሞ ለሚቀረው ችግር መጠባበቂያ ሆነ። የፋሲካ ሰሞን የወተቱ ፍላጎት ሲፈነዳ ሁሉም አልቆ መገኘት ነበረበት።

አዲሱን ስሪት ለማዳረስ ወጣቶቹ ከጣቢያ ጣቢያ ዞሩ። በቴሌግራም ከመላክ ይልቅ እጅ ለእጅ ጫኑ። አንዳንዱ ስልክ ቦታ ሞልቶበት አልቀበል አለ፤ ፎቶ ተሰርዞ ተጫነ። አንዷ ሰብሳቢ ስልኳን ለልጇ ሰጥታ ስለነበር በአዲስ ስልክ እንድትመዘገብ ተደረገ። ይህ ሁሉ ክላውድ ላይ አይታይም። ግን ዲናዩ ያለ ጩኸት እንዲያልፍ ያደረገው ይህ ዙረት ነው። ቀኑ ሲደርስ የቁልፍ መግቢያው ተዘጋ። በማግስቱ ጠዋት ደረሰኝ መላክ ያቃታቸው ስልኮች ነበሩ፤ ጥቂት ናቸው፤ ማን ማን እንደሆኑም አስቀድሞ ይታወቅ ነበር።

ደንቡ የማያየው

አውቶማቲክ ቁጥጥር ሁሉን ያያል ብሎ የሚያስብ ሰው ይኖራል። አያይም። በዚህ ጉዳይ ሁለት ነገር አምልጦት ነበር፤ ሁለቱንም ያመጣው ሰው ነው።

አንደኛው መልእክቱ ነው። አርሶ አደሩ ወተት ሲያስረክብ ስሙ፣ ሊትሩና እስካሁን የተጠራቀመለት ብር ወደተመዘገበው ስልክ ይላካል። ክላውድ ላይ ምንም ጥፋት የለበትም። የተመሰጠረ ነው፣ ከትክክለኛው አገር ነው የሚወጣው፣ ሪፖርቱም አረንጓዴ ነው። ግን ገጠር ላይ ብዙ ሰው በጎረቤት ወይም በዘመድ ስልክ ነው የተመዘገበው። አንዲት አሮጊት ለሰብሳቢዋ «ልጄ፣ የኔ ብር ስንት እንደደረሰ ከኔ በፊት ጎረቤቴ ነው የሚያውቀው» አለቻት። ሰብሳቢዋ ነገሩን ለቡድኑ አደረሰችው። አሁን መልእክቱ የዕለቱን ሊትር ብቻ ይናገራል። የብሩን ድምር የፈለገ ጣቢያው ላይ ይጠይቃል፤ የራሱ ስልክ ያለው ደግሞ ራሱ መርጦ ያስልካል።

ሁለተኛው የሰው መግቢያ ነው። ሥራ ከለቀቀ የቆየ የአንድ ባልደረባ አካውንት አሁንም በሙሉ ባለቤትነት ደረጃ ነበር። ልጁ ምንም አላደረገበትም። ግን በዚያ ደረጃ ያለ ሰው የተጫኑትን ደንቦች ራሳቸውን ማንሳት ይችላል። አጥሩን የሚያነሳ ሰው ካለ አጥር የለም። ከዚያ በኋላ ሙሉ ባለቤትነት ለሁለት ሰው ብቻ ሆነ፤ ለቡድኑ መሪና ለሥራ አስኪያጁ። ሌሎቹ ኮንትሪቢዩተር በሚባለው ደረጃ ላይ ናቸው። ሪሶርስ ይከፍታሉ፣ ያስተካክላሉ፣ ደንብ መጫንና ማንሳት ግን አይችሉም። ማን እንደገባ ማን እንደወጣ በየሦስት ወሩ ከሒሳብ ያዟ የደመወዝ ዝርዝር ጋር ይመሳከራል። ደመወዝ የማይከፈለው ሰው መግቢያ አይኖረውም። ቀላል ነው፤ ይሠራልም።

አሁን ያለበት

መጠይቁ ተሞልቶ ሄደ። የመታወቂያ ፎቶን የሚመለከተው መልስ «ከተጣራ በኋላ ይጠፋል» የሚል ሆነ። የአገሩ መልስ አንድ ቃል ነው። ስለ ዋናው ቁልፍ የተጠየቀው ላይ የነፃነት ፈቃዱን ታሪክ ከእነ ምክንያቱና ማብቂያው አያይዘው ላኩ። መሪዋ ይህን ልትደብቀው ትችል ነበር። የላከችው ጠያቂው አካል ሥራው እንዴት እንደሚሠራ እንዲያይ ነው፤ እኔም የደገፍኩት ለዚህ ነው።

ደንቦቹ አሁን በአዙር ገጽ ላይ በእጅ አይጻፉም። እንደ ፕሮግራሙ ኮድ ሁሉ የለውጥ ታሪክን በሚይዘው ጊት ይቀመጣሉ። ለውጥ ሲኖር አንዱ ይጽፋል፣ ሌላው ያነባል፣ መጀመሪያ በሙከራው ሰብስክሪፕሽን ላይ ይጫናል። ዲናይ የሚሆን ማንኛውም ደንብ ላይ አንድ ተጨማሪ መስመር አለ፦ ይህ ደንብ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ላይ ማንን ያስቆማል? መልሱ ሰብሳቢን የሚነካ ከሆነ ከጣቢያዎቹ አንድ ሰው ሳይጠየቅ አይጸድቅም።

ያልተዘጋ አንድ ነገር አለ። የሒሳብ ክፍሉ የወር ሪፖርት የሚያወጣበት አሮጌ ፕሮግራም አሁንም ዳታቤዙን በይለፍ ቃል ነው የሚገባው። ለእሱም ዌቨር ተሰጥቶታል። የቡድኑ መሪ ማብቂያውን ከበጀት ዓመቱ መዝጊያ በፊት እንዲሆን ፈለገች፤ ሒሳብ ያዟ ደግሞ «እህቴ፣ ኦዲተር በር ላይ ቆሞ ፕሮግራም አልቀይርም» አለቻት። በመጨረሻ ከመዝጊያው በኋላ ያለው ወር ተያዘ።